የአጥቂው አባት

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ሳን ሆዜ። 4 ለ 2 አሸነፍን። ልጄ አብኔር አንድ ጎል አቀበለ።

በሁለተኛው ፔሬድ ጥግ ላይ ፓኩን፣ በሆኪ ዱላ የሚመታውን ክብ ጎማ፣ ሊያወጣ ጎንበስ እንዳለ የነሱ ተከላካይ ከኋላው መጥቶ ከመስታወቱ ጋር አላተመው። ሄልሜቱ መስታወቱን ሲመታ ዐሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ሃያ አምስት ዓመት የበረዶ ሜዳ ውስጥ ስሠራ የዱላውን፣ የፓኩን፣ የሄልሜቱን ድምፅ ለይቼ ዐውቃለሁ። በጉልበቱ ትንሽ ቆየና ተነሣ። ወደ ወንበሩ ሲመለስ ግን የሄደው ወደነሱ ወንበር ነበር፤ ዳኛው ክንዱን ይዞ አዞረው። ሰው ሣቀ። እኔም ሣቅኩ። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ አልተመለሰም።

ጨዋታው ሲያልቅ ፓርኪንጉ ውስጥ ጠበቅኩት። «ደህና ነህ?» አልኩት።

«አይም ጉድ፣ ዳድ። ስንት ለስንት አለቀ?»

ነገርኩት። ቦርሳውን መኪናው ውስጥ ከተተና ዞር ብሎ «ስንት ለስንት አለቀ?» አለኝ።

ደክሞት ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለተኛ ጨዋታው ነው።

ጥር 4፣ እሑድ

ብርነሽ ጨዋታ አታይም። ልጇ በተጫወተ ቁጥር ስልኳን አጥፍታ ትጸልያለች። ጧት «እንዴት ነበር?» አለችኝ። «ጥሩ ነበር፣ ጎል አቀበለ» አልኳት። ይኼ ውሸት አይደለም።

ቸርች በር ላይ ፓስተር ናዖድ አዲስ ለመጡ ባልና ሚስት ሲያስተዋውቀኝ «ጋሽ ተድላ፣ የሆኪ ተጫዋቹ አባት» አለ። ሰውዬው እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «አበሻ ሆኪ ይጫወታል እንዴ!» አለ። ይችን ስንት ጊዜ እንደሰማኋት። ገና አልሰለቸችኝም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

የማሽን ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ዐሥር ደቂቃ አለኝ። አብኔር ኮል አደረገ። ሜጋን ሳትፈትነው ሜዳ አይገባም። (ሜጋን የቡድኑ የጤና ባለሙያ ናት፤ ተጫዋች ሲጎዳ መጀመሪያ የምታየው እሷ ናት።) ፈተናው ዓርብ። «ራስህን ያምሃል?» አልኩት። «ኖት ሪሊ» አለኝ። ኖት ሪሊ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ኮንትራቱ ሚያዝያ ላይ ያልቃል። ከሚኒሶታ የመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ቦታውን እየጠበቀ ነው። አንድ ወር ከተቀመጠ አለቀ።

ልጆቹ ከሜዳው ወጡ። ማሽኑን ላስነሣ።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ዛሬ ዕረፍቴ ነው። ብርነሽ ሥራ ሄዳለች፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው።

እኔ በረዶ የማስተካክል ሰው ነኝ። ኦክላንድ መሀል ባለው ሜዳ ማሽኑን እየነዳሁ የተቧጨረውን እልጋለሁ፣ ውኃ አፈስሳለሁ፣ በረዶው እንደ መስታወት ሲሆን እወጣለሁ። አብኔር አምስት ዓመቱ እያለ ብርነሽ የጧት ሺፍት ገባችና የሚይዘው ሰው ጠፋ። ይዤው መጣሁ። ሰው የጣለውን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አደረገና ቆመ። የወደቀ አይመስለኝም። እኔ እስከ ዛሬ በዚያ ጫማ ቆሜ አላውቅም፤ እሱ በሳምንቱ ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር።

ዐሥራ ስድስት ሲሞላው ሆኪ እንዲጫወት ካናዳ የማናውቀው ሰው ቤት ላክነው። ብርነሽ ስድስት ወር አኮረፈችኝ። ከዚያ ኮሌጅ። ትልልቆቹ ቡድኖች ተጫዋች ሲመርጡ ስሙን የጠራ አልነበረም። ሁለት ዓመት በታችኛው ሊግ፣ ደቡብ፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ እየሄደ ተጫወተ። ቀጥሎ ሳን ሆዜ፣ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ። አራት ዓመቱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ትልቁ ቡድን ጠራውና ዐሥራ አንድ ጨዋታ ተጫወተ፤ አንድ ጎል አገባ። ያችን ጎል ስልኬ ላይ ለስንት ሰው እንዳሳየኋት እኔ ነኝ የማውቀው። አብኔር ራሱ «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ስቶፕ» ብሎኛል።

ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ለአጥቂ መሸት ብሏል።

ትላንት ከሰዓት መጣ። አንድ ጓደኛው ፈተናው ላይ የሚጠየቁትን ቃላት በፎቶ ልኮለታል። ስድስት ዝርዝር ነው፣ እያንዳንዱ ዐሥር ቃል አለው። ሜጋን አንዱን ታነብለታለች፣ እሱ ያስታወሰውን ይመልሳል። ከዚያ ወራትን ከመጨረሻው ጀምሮ መጥራት፣ ቁጥር መገልበጥ፣ በአንድ እግር መቆም።

ቃላቱን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም። ማንበቡ ዐይኑን ስላደከመው አነበብኩለት፣ ያ ብቻ ነው። ቴሜስካል ሰፈር፣ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ሁለት ሰዓት አጠናን። መጀመሪያ ከዐሥሩ አራት አገኘ። በኋላ ሰባት። መጨረሻ ላይ ዘጠኝ። ወራቱን ከዲሴምበር ወደ ታች ሲጠራ ኦገስትን ዘለለ።

«ኦገስት» አልኩት።

«ብዬዋለሁ።»

አላለም። በሁለተኛው ሙከራ በትክክል ጨረሰ።

ልጅን ማስጠናት ነው። ስንቱ አባት ልጁን ያስጠናል።

ጥር 9፣ ዓርብ

አለፈ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ጎል አገባ! ከግራ ገብቶ፣ ተከላካዩን በትከሻው ከልሎ፣ ከበረኛው ክንድ በላይ። ቆሜ ጮኽኩ። ከጎኔ የነበረች ሴትዮ ፋንዲሻዋ ተደፋባት፤ ይቅርታ ስጠይቃት «ልጅህ ነው እንዴ?» ብላ እሷም ጮኸች። ተጎድቷል ያለ ማነው? የተጎዳ ሰው እንዲህ አያገባም።

ሲወጣ መነጽር አድርጓል፣ ጥቁር። መሽቶ ነበር። የፓርኪንጉ መብራት ያንጸባርቃል አለ። እውነቱን ነው፣ መብራቱ ኃይለኛ ነው።

ጥር 25፣ እሑድ

ከቸርች በኋላ ልጄ ወንጌላዊት ከዳሊ ሲቲ መጣች፣ አብኔርም መጣ። ልጆቼ አንድ ማዕድ ላይ ከተቀመጡ ቆይተው ነበር። ብርነሽ ደስ ብሏት ሣህን ስታንኳኳ አብኔር ብድግ ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባ። ቆየ። ወንጌላዊት ተከተለችው። ተመልሳ እኔን ወደ በረንዳው ጠራችኝ።

«ባቢ፣ መብራት አጥፍቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጭንቅላቱን ተመቷል እንዴ?»

«አልተመታም።»

«ባቢ፣ እኔ ነርስ ነኝ።»

«ነርስ ከሆንሽ እንግዲህ ሲደክመው ታውቂያለሽ። በሳምንት ሦስት ጨዋታ ነው ያለው።»

«ኦኬ» አለች። ይህች ልጅ ኦኬ ስትል እናቷን ነው የምትመስለው።

ምን ልበላት? እሷ ብታውቅ ለናቷ ትነግራለች፤ እናቷ ብታውቅ ሳን ሆዜ ድረስ ሄዳ ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ትገባለች። የሰው ሥራ ነው፣ የሕፃን ጨዋታ አይደለም።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

የሰማሁትን ልጻፍ። በረዶውን ጨርሼ በሩን ስዘጋ ሁለት የልጆች አሠልጣኞች አጥሩ ላይ ተደግፈው ያወራሉ። አላዩኝም።

«የተድላን ልጅ አየኸው ሰሞኑን?»

«አየሁት። ፓኩ ከደረሰው በኋላ ነው የሚፈልገው።»

«እግሩ ነው?»

«እግሩ አይደለም።»

ዞረው ሲያዩኝ ሁለቱም አብረው ስለ አየሩ አነሡ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጠሩት! ትልቁ ቡድን ጠራው! አንድ አጥቂ ጉልበቱን ተጎድቶ ቦታ ክፍት ሆነ። ቅዳሜ ይጫወታል። ከሚኒሶታው ልጅ አስቀድመው እሱን ነው የጠሩት። ብርነሽ አለቀሰች። እኔ ሥራ ላይ ለሁሉም ተናገርኩ፣ ቲኬት ለምትቆርጠዋ ሳይቀር።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። በሮቹ ገና አልተከፈቱም።

ጧት አፓርትማው ሄጄ ነበር። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። አስመለሰው፣ ሁለት ጊዜ። «የጨዋታ ጭንቀት ነው» አልኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ «ዳድ፣ ልንገራቸው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ታውቃለህ ምኑን።»

እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይችን ቀን ሁለት ዓመት እንደጠበቅናት ነገርኩት። ከዚህ በኋላ ላይጠሩት እንደሚችሉ ነገርኩት። «ዛሬን ተጫወት፤ ነገ ትነግራቸዋለህ» አልኩት። አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን ምን ያመጣል?

«ኦኬ» አለ። ጫማውን እኔ አሰርኩለት፤ ሲጎነብስ ያዞረዋል።

በሮቹ ተከፈቱ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ሆስፒታል። ሳን ሆዜ።

ስድስት ደቂቃ ተጫወተ። ከዚያ መሀል ሜዳ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ። ምንም አልነበረም። ልጆች እንደሱ ይነካካሉ። ወደቀ። እጁን አልዘረጋም፤ ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋል። ዱላው ራቅ ብሎ ሄደ።

ዐሥራ ሰባት ሺህ ሰው ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም አለ። ትንሽ ነው ይላሉ። ብርነሽ አልጋው አጠገብ ናት፤ ከመጣች አልተቀመጠችም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ዐይኑን ከፈተ። እናቱን ዐወቃት። እኔን ሲያይ ቆየና ዐይኑን መልሶ ጨፈነ።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ደሙ ቆሟል፤ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። ሐኪሟ እኛን አስቀምጣ ቀስ እያለች ነገረችን። መናገር ይመለሳል፣ መራመድ ይመለሳል፣ ራስ ምታቱና መርሳቱ ግን እስከመቼ እንደሚቆይ አይታወቅም። ሆኪ አበቃ። ይኼን ስትል እሱን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

ከዚያ ጠየቀች። «ከዚህ በፊት፣ ባለፉት ሁለት ወራት፣ ምልክት አይታችሁ ነበር? ማስመለስ፣ መርሳት፣ ከብርሃን መሸሽ?»

አብኔር ቀደመኝ። እያንዳንዱን ቃል እየፈለገ «አይ ሂድ ኢት። ማንም አያውቅም» አላት። ደብቄዋለሁ ማለቱ ነው። ብቻዬን ነኝ ማለቱ ነው።

ወንጌላዊት ግድግዳው አጠገብ ቆማ ነበር። ቀና ብዬ አላየኋትም። እሷ ግን እያየችኝ እንደነበር ዐውቃለሁ።

አፌን ብከፍተው ምን ነበረበት?

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ወንጌላዊት ወደ ቤቷ ወሰደችው። ዳሊ ሲቲ ጸጥ ይላል፣ ጭጋጉም ፀሐዩን ይከልላል፤ ለሱ ጥሩ ነው አለች። ብርነሽም ሻንጣዋን ይዛ አብራው ሄደች። እኔ ከሥራ በኋላ እመላለሳለሁ።

ዛሬ አጠገቡ ተቀምጬ የሚቆርጠውን ዳቦ አየሁ። ቆረጠው፣ አስቀመጠው፣ ቢላዋውን አይቶ «ይኼ ምን ይባላል?» አለ። እናቱ ነገረችው። ከዚያ በድንገት ተቆጥቶ ሣህኑን ገፋው። ያለቀሰው ግን በኋላ ነው፤ ፊቱን ወደ ሶፋው አዙሮ።

ልጁ ቁጡ አልነበረም። ስንት ዓመት ሲመቱት ቆይቶ ጓንቱን ጥሎ የተደባደበው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ሜጋን ደወለች። ቁጥሯን አላወቅኩትም፣ ለዚህ ነው ያነሣሁት።

ከሥራ አግደዋታል። ሊጉ ምርመራ ጀምሯል፤ በጥር እንዴት አሳለፍሽው እያሏት ነው። «ሚስተር ተድላ፣ እኔ ልክ እንደሚገባው ነው የፈተንኩት። ከዐሥሩ ዘጠኝ መለሰልኝ። በየቀኑ እጠይቀው ነበር። ያላየሁት ምን አለ? እናንተ ቤት ያያችሁት ነገር አለ?» አለችኝ። ሠላሳም የሞላት አይመስለኝም።

«ምንም አላየንም» አልኳት።

«እሺ» አለች። «ስለ አብኔር በጣም አዝናለሁ። ሁልጊዜ እጸልይለታለሁ።»

አመሰገንኳት። አመሰገንኳት!

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

በረዶው ላይ ሁለት ጊዜ ያንኑ መስመር ነዳሁ። አለቃዬ ደህና ነህ ወይ አለኝ። ደህና ነኝ።

ስለ ሴትዮዋ ማሰብ አልፈልግም። ሌላ ሥራ ታገኛለች። ወጣት ናት።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ለብርነሽ ነገርኳት። ወንጌላዊት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ስለ ቃላቱ፣ ስለ መነጽሩ፣ ስለ ቅዳሜዋ ጧት። ሁሉንም።

ሣህን እያጠበች ነበር። አላቆመችም። ሲያልቅ እጅዋን አደረቀች፣ ፎጣውን አጥፋ ሰቀለችው።

«ጠይቆህ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ልጄ ልንገራቸው ወይ ብሎ ጠይቆህ ነበር።»

«አዎ፣ ብርነሽ።»

«እኔ ያን ቀን ጧት ተንበርክኬ ነበር፣ ተድላ። አብኔር ጥሩ እንዲጫወት አይደለም። ሲቸግረው የሚጠይቀው ሰው እንዳያጣ ነበር የምጸልየው።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ሳን ሆዜ ሄድኩ፣ የሊጉ መርማሪዎች ጋ። ሦስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንዷ ትጽፋለች። አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ወይ አሉኝ። አልፈልግም አልኩ። እንግሊዝኛዬ ለበረዶ ሥራ ነው የሚሆነው፤ ግን ይኼን በሌላ ሰው አፍ መናገር አልፈለግኩም።

«ቃላቱን ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ጥፋት የለባትም። በጨዋታው ቀን ሊነግራችሁ ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ።»

የምትጽፈዋ እጅዋን አቆመች። መሀል ያለው ሰውዬ፣ እሱም አባት ይመስለኛል፣ «ለምን?» አለኝ።

ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ኮንትራቱን፣ ዕድሜውን፣ ሁለት ዓመት መጠበቁን። አንዱም አልወጣም። «ሰው ሲያየኝ ደስ ይለኝ ነበር» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም።

ስወጣ ሜጋን ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጣለች። ተነሣች። የምትመታኝ መሰለኝ። ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ውስጥ ገባች።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ከሌላ ሰው ሳይሰማ እኔው ልንገረው ብዬ ከሥራ በቀጥታ ዳሊ ሲቲ ሄድኩ። ሶፋው ላይ ነበር፣ ኮፍያውን ዐይኑ ድረስ አውርዶ። እናቱና እኅቱም ነበሩ። ትላንት የተናገርኩትን ነገርኩት።

ቀስ ብሎ ጀመረ። አሁን እንዲህ ነው፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ይሰበስባቸዋል። ያለኝን በአማርኛ ልጻፈው።

«እኔ ለሐኪሟ ማንም አያውቅም ያልኩት ላንተ ብዬ ነው። ያ ውሸት የኔ ነበር። እሱንም ወሰድክብኝ።»

«አብኔር፣ ሴትዮዋ ሥራዋን...»

«ለሜጋን መናገርህ ልክ ነው። አልተቆጣሁም። ግን ለነሱ በሚያዝያ የነገርካቸውን ለኔ በየካቲት ብትነግረኝ ነበር የምፈልገው። አትግባ ብትለኝ አልገባም ነበር። እንድትለኝ ነው የጠየቅኩህ።»

ወንጌላዊት ፊቷን ሸፈነች።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ራሴን አሞኛል» አለ። «ፕሊስ ጎ፣ ዳድ። ለተወሰነ ጊዜ አትምጣ።»

ብርነሽ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ኮቴን አቀበለችኝ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሜጋን ወደ ሥራዋ እንደተመለሰች ወንጌላዊት ቴክስት አደረገችልኝ። ሌላ አልጻፈችም።

የቡድኑ የዓመቱ ጨዋታ ዓርብ ያልቃል። አብኔር ከቡድኑ ዝርዝር ወጥቷል። የሚኒሶታው ልጅ ባለፈው ሁለት ጎል አገባ ይላሉ።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ቸርች አልሄድኩም። ፓስተር ናዖድ ደወለ፤ አላነሣሁም።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ብርነሽ ኮል አደረገች። በሁለት ሳምንት የመጀመሪያዋ ነው። አብኔር ዛሬ ብቻውን እስከ ኮረብታው ጫፍ ሄዶ ተመለሰ፤ መንገዱን አልሳተም፤ ሾርባውን ጨረሰ። አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ እኔም ልክ የሚጻፍ ነገር ይመስል አዎ፣ አዎ እላለሁ።

«ብርነሽ፣ ዛሬ ብመጣ?» አልኳት።

«ልጠይቀው» አለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች። የርምጃዋ ድምፅ ይሰማኛል። በር ተከፈተ። እሷ አንድ ነገር አለች። ከዚያ የሱ ድምፅ መጣ፤ ቃሉ አይለይም፣ ድምፁ ግን የሱ ነው፣ ከድሮው ቀስ ያለ። ብዙ ተናገረ። እሷ አንድ ጊዜ «እሺ የኔ ልጅ» ስትል ሰማሁ።

ተመልሳ ስልኩን አነሣች። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ብርነሽ ስትዋሽ ሰምቼ አላውቅም።

«ተኝቷል» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት። «ይተኛ። አትቀስቅሽው።»